የሕፃን የመጀመሪያ እርምጃ፦ መስክ፣ ፀሐይና ጤናማ አጥንት

መግቢያ

ሕፃን ልጅ ድጋፍ ሳይዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆም በአገራችን በቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ «ወፌ ቆመች!» እያለ ያጨበጭባል። ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ተራምዶ በእናቱ ጉልበት ላይ ሲወድቅ ደግሞ ደስታው ከቤተሰብ አልፎ ጎረቤት ይደርሳል። ይህ ቀን የዘገየ ሲመስል ግን ደስታው በጭንቀት ይተካል። ጭንቀቱም ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛ ፍለጋን ያስከትላል፤ አንዱ ብርዱን፣ ሌላው አንቀልባውን፣ ሌላው የእናትየዋን ቸልተኝነት ምክንያት ያደርጋል።

በዚህ ጽሑፍ ሕፃን ልጅ እንዴትና መቼ መራመድ እንደሚጀምር፣ ከቤት ውጭ መዋል ለዚህ ምን አስተዋጽኦ እንዳለው፣ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግና መዘግየት የበሽታ ምልክት የሚሆነው መቼ እንደሆነ ለመግለጽ እንሞክራለን። ለመነሻነት የቀረቡት የሁለት ቤተሰቦች ታሪኮች በሕፃናት ሕክምና ሥራ ላይ ደጋግመው ከሚያጋጥሙ ሁኔታዎች የተውጣጡ እንጂ የአንድ የተወሰነ ሰው ታሪክ አይደሉም።

ሁለት ቤተሰቦች

የመጀመሪያዎቹ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። ሁለቱም ከቤት ውጭ መዋል ይወዳሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቃቸውን ቋጥረው ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ ይወጣሉ። ወንድ ልጃቸውም አንገቱ ከጠና ጀምሮ በአንቀልባ ታዝሎ አብሯቸው ይውላል። ልጁ 14 ወር ቢሞላውም ገና አልተራመደም። ወደ ክሊኒክ ሲመጡ አብረዋቸው የነበሩት አያቱ፣ «ዶክተር፣ ይህን ልጅ ያሰነፈው አንቀልባው ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ተሸክመውት ይውላሉ፤ የተራራው ብርድም ጉልበቱን ሳይዘው አልቀረም» አሉ። እናትየዋ እንባዋ እየተናነቃት፣ «ከእንግዲህ ከቤት አላወጣውም» አለች።

ልጁ ሲመረመር በጉልበቱና በእጁ እየዳኸ በፍጥነት ይሄዳል፤ ወንበር ይዞ ይነሣል፤ ወንበሩን ተደግፎም ወደ ጎን ይራመዳል። አጥንቱ፣ ጡንቻውና ክብደቱ ደህና ናቸው። ለዚህ ልጅ የሚያስፈልገው መድኃኒት ሳይሆን ጊዜ ነበር። ሊደርስበት የነበረው እውነተኛ ጉዳት ደግሞ እናቱ በፍርሃት የወሰነችው ውሳኔ፣ ማለትም ከመስክና ከፀሐይ መለየቱ ነበር።

ሁለተኛዋ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር የ20 ወር ሕፃን ናት። ወላጆቿ ማልደው ወደ ሥራ ስለሚሄዱ ቀኑን ሙሉ ከሞግዚት ጋር በቤት ውስጥ ትውላለች። «ምች እንዳይመታት፣ ብርድ እንዳያገኛት» በሚል ስጋት በረንዳ ላይ እንኳ የምትወጣው ተሸፋፍና ነው። ሳንባ ምች ሁለት ጊዜ ይዟታል። ልትቆም ስትሞክር እግሮቿ ይጎብጣሉ፤ የእጅ አንጓዎቿ ወፍረዋል፤ እርግብግቢቷም ገና ሰፊ ነው። የዚህች ሕፃን ሕመም ሪኬትስ ነበር።

በሁለቱም ቤት ወላጆች ልጃቸውን ይወዳሉ፤ በሁለቱም ቤት የተፈራው ደጅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክትም ከዚህ ይነሣል፤ ሕፃን በራሱ ጊዜ ይራመዳል፤ ነገር ግን ለመራመድ መሬት፣ ፀሐይና ነፃነት ያስፈልገዋል።

እርምጃ እንዴት ይመጣል?

ሕፃን መራመድ የሚችለው እግሩ ስለጠነከረ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ከአንጎል ተነሥተው በሕብለ ሰረሰር በኩል ወደ ጡንቻዎች የሚያመሩት ነርቮች ማይሊን በተባለ ስብ አዘል ሽፋን መሸፈን አለባቸው፤ ይህ ሽፋን መልእክት በፍጥነትና ሳይዛነፍ እንዲተላለፍ ያደርጋል። የሰውነት ቁጥጥር የሚዳብረው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ ሕፃን አስቀድሞ አንገቱን፣ ቀጥሎ ወገቡን፣ በመጨረሻም እግሮቹን ማዘዝ ይጀምራል። በሁለተኛ ደረጃ ጡንቻውና አጥንቱ የገላውን ክብደት ለመሸከም መጠንከር ይኖርባቸዋል። በሦስተኛ ደረጃ ከዓይን፣ ከውስጠኛው ጆሮና ከእግር መዳፍ የሚመጡትን ስሜቶች አቀናጅቶ ሚዛኑን መጠበቅ ይማራል።

በመጨረሻ የሚቀረው ልምምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ከ12 እስከ 19 ወር ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት በነፃ ሲጫወቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 2,368 ጊዜ እንደሚራመዱና 17 ጊዜ እንደሚወድቁ አመልክቷል። ስለዚህ ድክ ድክ የሚል ሕፃን መውደቁ የትምህርቱ ክፍል ነው። በወደቀ ቁጥር የሚደነግጥና ወዲያው የሚያነሣው ሰው ካለ ልጁ ከመሬቱ ይልቅ የሰውየውን ፊት መፍራት ይማራል።

አዲስ ተራማጅ እግሮቹን ዘርጋ፣ እጆቹን ከፍ አድርጎ፣ መዳፉን በሙሉ መሬት ላይ እየጣለ ይሄዳል። እግሮቹም በጥቂቱ ወደ ውጭ የጎበጡ ይመስላሉ። ይህ ሁሉ እስከ 2 ዓመት ድረስ በአብዛኛው ጤናማ ነው።

መቼ ይጠበቃል?

የዓለም የጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው መመዘኛ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ይሰጣል። በዚህ መሠረት ጤናማ ሕፃናት፦

– ያለ ድጋፍ የሚቀመጡት ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣
– ተደግፈው የሚቆሙት ከ4.8 እስከ 11.4 ወር፣
– በእጅና በጉልበት የሚድኹት ከ5.2 እስከ 13.5 ወር፣
– ተደግፈው የሚራመዱት ከ5.9 እስከ 13.7 ወር፣
– ያለ ድጋፍ የሚቆሙት ከ6.9 እስከ 16.9 ወር፣
– ያለ ድጋፍ የሚራመዱት ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ከዚህ እንደምንረዳው አማካዩ 12 ወር ገደማ ቢሆንም በጤናማ ልጆች መካከል የ9 ወር ልዩነት ሊኖር ይችላል። በዚሁ ጥናት ከመቶ 4 ያህሉ ሕፃናት በእጅና በጉልበት ሳይድኹ መራመድ መጀመራቸው ታይቷል፤ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ የሚሄዱ ልጆችም አሉ፤ እነዚህ ዘግየት ብለው መራመዳቸው የተለመደ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ዕድሜ ደግሞ መቆጠር ያለበት ሊወለድ ይገባው ከነበረው ቀን ጀምሮ ነው።

በልዩነቱ ውስጥ የዘር ውርስም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ፣ ከ70,000 በላይ አውሮፓዊ ዝርያ ያላቸውን ሕፃናት ያካተተ ጥናት በመራመጃ ዕድሜ ላይ ከሚታየው ልዩነት አንድ አራተኛ ያህሉ ከዘር ውርስ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ቀድሞ መራመድም የብልህነት ምልክት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ በስዊዘርላንድ 222 ልጆችን እስከ ጉርምስና የተከታተለ ጥናት በተለመደው ጊዜ ውስጥ ቀደም ብለው በተራመዱትና ዘግይተው በተራመዱት ልጆች መካከል በኋላ የአእምሮ ችሎታ ልዩነት አላገኘም። ስለሆነም የአንዱን ልጅ እርምጃ ከጎረቤት ልጅ እርምጃ ጋር ማወዳደር ወላጆችን ከማስጨነቅ በቀር ጥቅም የለውም።

አንቀልባ ልጅን ያሰንፋልን?

አያትየዋ ላነሡት ጥያቄ መልሱ አያሰንፍም የሚል ነው። ሕፃን በአንቀልባ ሲታዘል እግሮቹ ተከፍተውና ጉልበቱ ታጥፎ የእናቱን ወገብ ያቅፋሉ፤ ይህ አቀማመጥ ለዳሌ መገጣጠሚያ የሚስማማ ነው። በአንጻሩ የሕፃኑን እግሮች ቀጥ አድርጎ አጥብቆ መጠቅለል የዳሌ መገጣጠሚያ በትክክል እንዳይሠራና እንዲወልቅ ሊያደርግ ይችላል። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ አያቶችና እናቶች ሕፃናትን እግራቸውን ቀጥ አድርገው እንዳይጠቀልሉ በተሰጠው ሰፊ ትምህርት ይህ ችግር በከፍተኛ ደረጃ ቀንሷል።

ይሁን እንጂ ማንኛውም ሕፃን ቀኑን ሙሉ ታዝሎ ሊውል አይገባም። መስክ የሚወጣ ቤተሰብ ልጁን በየተወሰነ ጊዜ አውርዶ በሣር ላይ እንዲድኽ፣ ድንጋይ ወይም ግንድ ይዞ እንዲነሣ፣ ዝቅ ባለ ዳገት ላይ እንዲሞክር ሊፈቅድለት ይገባል። ወጣ ገባ መሬት ለሕፃን መሰናክል ብቻ ሳይሆን አስተማሪም ነው፤ በለሰለሰ ወለል ላይ የማያገኘውን የሚዛን ልምድ ያገኝበታል።

ፀሐይና አጥንት

አጥንት የሚጠነክረው በካልሲየምና በፎስፎረስ ነው። ካልሲየም ከአንጀት በበቂ መጠን ወደ ደም እንዲገባ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ ቫይታሚን ዲ ደግሞ በዋነኛነት የሚገኘው ቆዳችን የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኝ ራሱ ከሚሠራው ነው። የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ተወዳዳሪ የሌለው ምግብ ቢሆንም የቫይታሚን ዲ መጠኑ አነስተኛ ነው። እናትየዋ በእርግዝና ጊዜ ፀሐይ ካላገኘች ልጁ የሚወለደው ጎደሎ ስንቅ ይዞ ነው።

ቫይታሚን ዲ ወይም ካልሲየም ሲጎድል በማደግ ላይ ያለው የአጥንት ጫፍ ሳይጠነክር ይቀራል፤ ይህ ነው ሪኬትስ የሚባለው። የእጅና የእግር አንጓዎች ይወፍራሉ፤ የጎድን አጥንቶች ጫፍ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተደርድሮ ይዳሰሳል፤ ግንባር ይጎላል፤ ጥርስ ይዘገያል፤ እርግብግቢት በወቅቱ አይገጥምም፤ ጡንቻም ስለሚደክም ልጁ መራመድ ይዘገያል፣ ወይም ይራመድ የነበረው ይተዋል።

የፀሐይ ብርሃን በሞላበት አገር ይህ በሽታ መታየቱ የሚያስገርም ቢመስልም በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን የታወቀ ችግር ነው። ጉዳቱም በእግር ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ በአዲስ አበባ የተካሄደ ጥናት ሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል 210 ያህሉ ሪኬትስ እንዳለባቸው ሲያሳይ፣ ለማነጻጸሪያ ከተወሰዱት ሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት ውስጥ ሪኬትስ የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ። የለሰለሰ የደረት አጥንት ትንፋሽንና ሳልን ያዳክማል፤ ቫይታሚን ዲ ራሱም ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚጠቀምበት ነው። ስለዚህ የሁለተኛዋ ሕፃን ተደጋጋሚ ሳንባ ምችና አለመራመዷ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ላይሆኑ ይችላሉ። ወላጆቿ ብርድን ሸሽተው የዘጉት በር ለሳንባ ምች መንገድ ከፍቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ሕፃንን ፀሐይ ለማሞቅ የሚከተሉትን ማስታወስ ይበቃል።

አንደኛ፣ በመስታወት ውስጥ የሚያልፍ ፀሐይ ሙቀት እንጂ ቫይታሚን ዲ አይሰጥም፤ መስታወት አስፈላጊውን ጨረር ያስቀራልና። ሁለተኛ፣ ልጁ ተሸፋፍኖ መሆን የለበትም፤ እጁ፣ እግሩና ሌላው ገላው ሊገለጥ ይገባል። ሦስተኛ፣ ገና በወጣች ፀሐይ ውስጥ ያለው ጨረር ደካማ ነው፤ በሌላ በኩል የእኩለ ቀን ፀሐይ ቆዳን ይጎዳል። በመሆኑም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ከአጭር ጊዜ ተነሥቶ ቀስ በቀስ እስከ 30 ደቂቃ ማሞቅ ተስማሚ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ከነጣ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ያስፈልገዋል። አራተኛ፣ የልጁ ዓይንና ራስ ከቀጥተኛ ፀሐይ መጋረድ አለባቸው።

ፀሐይ በቂ ካልሆነ የቫይታሚን ዲ ጠብታ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነት ማንኛውም ሕፃን እስከ 1 ዓመቱ በቀን 400 ዓለም አቀፍ አሃድ እንዲያገኝ ይመክራል። በክረምት ፀሐይ በምትደክምባቸው የሰሜን አውሮፓና የሰሜን አሜሪካ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን በተለይ ልብ ሊሉት ይገባል፤ በስዊድን ለምሳሌ ጠብታው ለሁሉም ሕፃናት እስከ 2 ዓመት ይሰጣል። ሪኬትስ ያለበት ሕፃን ግን መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ሊወስድ ይገባል፤ ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ዲ ኩላሊትን ይጎዳልና።

መስክ ላይ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ደጅ ጠቃሚ ነው ማለት አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ድክ ድክ የሚል ልጅ እግር እንጂ ማስተዋል ገና የለውም።

ጫማ፦ ሕፃን በንጹሕ ወለል ላይ ባዶ እግሩን ቢለማመድ የእግሩ ጡንቻ ይጠነክራል፤ መሬቱንም በመዳፉ ያውቃል። ከቤት ውጭ ግን በአገራችን ሁኔታ ጫማ አስፈላጊ ነው። ሙጀሌና በቆዳ የሚገባ የአንጀት ትል በባዶ እግር ይጠብቃሉ፤ በደጋማው አገር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድም በተለምዶ የዝሆን እግር ለሚባለው በሽታ ያጋልጣል። ጫማው ቀላል፣ ሶሉ በእጅ የሚታጠፍና ለጣቶች ሰፊ ይሁን። ቁርጭምጭሚትን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ደረቅ ጫማ መራመድን አያፋጥንም።

ዎከር፦ ጎማ ያለው መለማመጃ ልጅን ቶሎ ያስኬዳል ተብሎ ይገዛል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ልጁ ሚዛኑን ራሱ መጠበቅ ስለማይማር ሊያዘገየው ይችላል። ከደረጃ መውደቅንና በእሳት መቃጠልንም ያስከትላል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ከልክላለች።

ከፍታና ብርድ፦ አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ብርቱ ስለሆነች ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ ያስፈልጋል። ታዝሎ የሚውል ሕፃን እንደሚራመደው ወላጅ ስለማይሞቅ ተደራራቢ ስስ ልብስ ይልበስ፤ እጅና እግሩም በየጊዜው ይዳሰስ።

ዕፅዋት፣ እንስሳትና ውኃ፦ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። የእንቧይ ፍሬ፣ የጉሎ ፍሬና አስተናግር መርዛማ ናቸው። ውሻ ከነከሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ግድ ነው። ጥልቀት የሌለው ውኃም ሕፃንን ያሰጥማል፤ ምንጭ ወይም ወንዝ አጠገብ አንድ ሰው እጁ ከልጁ የማይርቅ መሆን አለበት። ቡና የሚፈላበት እሳትና ጀበናም እንዲሁ ከልጁ መራቅ አለባቸው።

ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ልጁን ሳይዘገዩ ማስመርመር ይገባል።

– በ9 ወሩ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ካልቻለ፤
– በ12 ወሩ ተደግፎ መቆም ካልቻለ፤
– በ18 ወሩ ያለ ድጋፍ መራመድ ካልቻለ፤
– ገላው ከመጠን በላይ ከተልፈሰፈሰ ወይም ከደረቀ፤
– 1 ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚጠቀም ወይም አንዱን እግር የሚጎትት ከሆነ፤
– ዘወትር በጣቶቹ ጫፍ የሚሄድ ወይም የሚያነክስ ከሆነ፤
– የሪኬትስ ምልክቶች ከታዩበት፤
– ቀድሞ ያደርገው የነበረውን ነገር ከተወ።

ከሁሉም የሚያስቸኩለው የልጁ እግር በድንገት መልፈስፈስ ነው፤ የፖሊዮ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ለጤና ተቋም መነገር አለበት። ከሪኬትስ በተጨማሪ የምግብ እጥረት፣ የታይሮይድ እጢ ድክመት፣ የአንጎል ጉዳት፣ የጡንቻ በሽታና የዳሌ መውለቅ መራመድን ሊያዘገዩ ወይም አካሄድን ሊያበላሹ ይችላሉ። አብዛኞቹ በጊዜ ሲደረስባቸው የሚታከሙ ወይም ጉዳታቸው የሚቀንስ ስለሆነ «ራሱ ይድናል» ብሎ መጠበቅ ተገቢ አይደለም።

ማጠቃለያ

የመጀመሪያው ልጅ እናት ቅዳሜዋን እንዳትተው ተመከረች። ለአያትየውም፣ «እማማ፣ አንቀልባው አላሰነፈውም፤ ግን ጫካ ሲደርሱ አውርዱትና ሣሩ ላይ ይጫወት» ተባሉ። እርሳቸውም በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረው ሊወጡ ቃል ገቡ። ልጁ 16 ወር ሳይሞላው ከእናቱ እጅ ወደ አያቱ እጅ አራት ጊዜ ተራመደ፤ አምስተኛውን ሲሞክር ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

ሁለተኛዋ ሕፃን ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ታዘዘላት፤ ሞግዚቷም በየጠዋቱ ወደ ሕንፃው ግቢ ይዛት እንድትወርድ ተደረገ። ከወራት ሕክምና በኋላ ግንብ ተደግፋ መቆም፣ ቀጥሎም መራመድ ቻለች። የጎበጡት እግሮቿ ግን ገና ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

ደጁን መውደድ ማለት ሁሉም ሰው ተራራ ይውጣ ማለት አይደለም። የጋራ ግቢ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ቅጥር፣ የሰፈር ሜዳ፣ ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው በራፍ ይበቃል። ወላጆች ልጃቸው መቼ እንደሚራመድ ሊያዝዙ አይችሉም፤ የሚራመድበትን መሬትና የሚያጠነክረውን ፀሐይ ግን ሊሰጡት ይችላሉ።